የማልሠራበት መሥሪያ ቤት መታወቂያ

ከአንዲት አንባቢ የደረሰን ደብዳቤ፦

«ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ዕድሜዬ 33 ነው። የሒሳብ ባለሙያ ነኝ፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። የዛሬ ሰባት ወር አለቃዬ የክፍያ ሰነድ አምጥቶ እንድፈርም ጠየቀኝ። ሰነዱ አንድ ሥራ ተጠናቅቋል ይላል። ሥራው ግን ገና ግማሽ እንኳን እንዳልደረሰ ራሴ ሄጄ አይቼ ነበር። አልፈርምም አልኩ። ‹ሁሉም ፈርሟል፤ አንቺ ማን ስለሆንሽ ነው?› አለኝ። እውነቱን ነው፤ ከእኔ በፊት አራት ፊርማ ሰፍሮበታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስብሰባ መጠራት ቀረ፣ የሚሰጠኝ ሥራ አለቀ፣ ስምንት ዓመት አብረውኝ የዋሉ ባልደረቦቼ ሰላምታቸው ቀዘቀዘ። አንዷማ ‹ራስሽን ከሁላችን አስበልጠሽ አየሽ› አለችኝ። በሁለተኛው ወር ራሴ መልቀቂያ አስገብቼ ወጣሁ።

ችግሬ ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በለቀቅኩበት ቀን ቤት ስደርስ እናቴ ከጎረቤቶቿ ጋር ተቀምጣ ስለ እኔ ስታወራ አገኘኋት። ብቻዋን ያሳደገችን ሴት ናት፤ ሥራዬ ኩራቷ ነው። ‹ነገ እነግራታለሁ› አልኩ። ያ ነገ ይኸው አምስት ወር ሆነው። ጠዋት በድሮው ሰዓት ለብሼ እወጣለሁ፣ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ እውላለሁ፣ በድሮው ሰዓት እገባለሁ። ስለቅ ያልመለስኩትን የመሥሪያ ቤት መታወቂያ ማታ ማታ ከቦርሳዬ አውጥቼ እናቴ በምታየው ጠረጴዛ ላይ አኖረዋለሁ። ለቤት የምሰጠውን ወርኃዊ ገንዘብ ከቁጠባዬ እያወጣሁ ነው፤ ከሁለት ወር በላይ አያስኬደኝም። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ታናሽ ወንድሜ ባንክ ሊበደር ስለሆነ የደመወዝ ማስረጃ አቅርቤ ዋስ እንድሆነው ለመነኝ። ‹እሺ› አልኩት።

አንዲት የውሸት ፊርማ አላኖርም ብዬ ሥራዬን የለቀቅኩ ሰው አሁን ኑሮዬ በሙሉ ውሸት ሆኗል። እኔ ሐቀኛ ነኝ ወይስ አስመሳይ? እባክዎን ይንገሩኝ።»

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው አለቃሽ አናደደኝ። በሁለተኛው እናትሽን አሰብኳት። በሦስተኛው ዓይኔ አንዲት ቃል ላይ ተተክሎ ቀረ፤ ለወንድምሽ ያልሽው «እሺ» ላይ። ከእሱ ልጀምር። ሌላው ሁሉ ጥቂት ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ይህ ግን አይችልም።

ዛሬውኑ ለወንድምሽ ደውዪና «ዋስ ልሆንህ አልችልም» በዪው። ምክንያቱ በስልክ ከአፍሽ አልወጣ ካለ «በዚህ ሳምንት ፊት ለፊት ተቀምጠን እነግርሃለሁ» በዪውና ዝጊው። እስካሁን የዋሸሽው ውሸት ከማንም በላይ የጎዳው አንቺን ነበር። ይህ ግን ሌላ ሰው ላይ የሚደርስ ነው። በሌለ ደመወዝ ዋስ መሆን፣ ያልተሠራውን ሥራ ተሠርቷል ብሎ ከመፈረም በምን ይለያል? አለቃሽ ጠረጴዛሽ ላይ ያስቀመጠው ወረቀት ዞሮ መጥቶብሻል። በዚህኛው ጊዜ ያመጣው የምትወጂው ሰው ስለሆነ ነው ያላወቅሽው። የደመወዝ ማስረጃውንስ ከየት ልታመጪው ነው? እዚያ ድረስ ያሰብሽበት አይመስለኝም፤ «እሺ» ያልሽው ያችን ደቂቃ ለማለፍ ብቻ ነው። አምስቱ ወር እንዳለ በእንዲህ ዓይነት ደቂቃዎች የተሠራ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ሐቀኛ ነኝ ወይስ አስመሳይ ብለሽኛል። ሐቀኝነት እንደ ዓይን ቀለም አንዴ ይዘነው የተወለድነው ነገር ቢሆን ኖሮ አንዱን መርጬ እነግርሽ ነበር። ሰው ግን እንደዚያ አልተሠራም። በአንዱ ደጃፍ ደፋር የሆነ ሰው በሌላው ደጃፍ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ከደጁ በስተጀርባ የተቀመጠው ማን ነው የሚለው ነው ወሳኙ። አለቃሽ ፊቱን ሲያጠቁርብሽ ቻልሽው፤ አትወጂውምና። የእናትሽ ፊት ሲጠቁር ለማየት ግን አቅም አጣሽ። ስለ ማኅበረሰብ ጫና ሲነሣ ብዙዎቻችን ወደ አእምሯችን የሚመጣው ዛቻና ማግለል፣ ጣት መቀሰርና ሐሜት ነው። እኔ በብዙ ዓመታት የአንባቢዎች ደብዳቤ ያየሁት ግን ሌላ ነው፤ ሰውን ከእውነቱ የሚያርቀው ከሁሉ ይልቅ የሚወዱት ሰዎች ኩራት ነው። እናትሽ አንዲት ቃል አላስገደደችሽም። ደስ ብሏት ስለ አንቺ ስታወራ ደረስሽባት፤ በቃ፣ አፍሽ ተዘጋ።

ይህን ስጽፍልሽ የአንድ ሙከራ ነገር ከፊቴ ድቅን እያለ አስቸገረኝ። ሰለሞን አሽ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ያደረገው ነው። ከሰባት እስከ ዘጠኝ የሚደርሱ ወጣቶች አንድ ክፍል ውስጥ ይቀመጡና ሁለት ካርዶች ይታዩአቸዋል። በአንደኛው ላይ አንድ መስመር ተሠምሯል፤ በሌላኛው ላይ ሦስት። ከሦስቱ የመጀመሪያውን የሚያክለው የትኛው ነው? ይኸው ነው ጥያቄው። ብቻቸውን የተጠየቁ ሰዎች ከመቶ አንድ ጊዜ እንኳን አይስቱትም። ነገር ግን በክፍሉ ውስጥ እውነተኛው ተፈታኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የቀሩት ምን እንደሚመልሱ አስቀድመው ከተመራማሪው ጋር ተስማምተዋል። ከ18 ዙር በ12ቱ ሁሉም ተራ በተራ፣ ፊታቸው ሳይለወጥ፣ የተሳሳተውን መስመር ይጠራሉ። ተፈታኙ ተራው ወደ መጨረሻ ነው። መስመሩን ያያል። ሰዎቹን ይሰማል። ተመልሶ መስመሩን ያያል። በእነዚያ ዙሮች ከተሰጡት መልሶች ከሲሶ በላይ የሚሆኑት ከብዙኃኑ ስህተት ጋር ሄዱ፤ ከአራት ተፈታኞች ሦስቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ዓይናቸው ያየውን ካዱ።

እዚያ ክፍል ውስጥ ደመወዝ የሚቆርጥ አለቃ አልነበረም። ተፈታኙ ከወጣ በኋላ እነዚያን ሰዎች ዳግም ላያያቸው ይችላል። አንቺ ግን አራት ፊርማ የሰፈረበት ወረቀት ቀርቦልሽ፣ ቁራሽሽ በእጁ ያለ ሰው ፊትሽ ቆሞ፣ ብዕሩን መልሰሽ አስቀመጥሽ። ይህን በቀላሉ እንድታልፊው አልፈልግም። ደብዳቤሽ ላይ በሦስት መስመር ጨርሰሽው ወደ ጥፋትሽ ሮጠሻል።

አሽ በኋላ ተፈታኞቹን አነጋግሯቸው ነበር። ከተሸነፉት አንዳንዶቹ ከሌሎቹ የተለየ ማየታቸውን የራሳቸው ጉድለት አድርገው እንደቆጠሩት፣ ያንን ጉድለት ደግሞ እንደምንም መሸሸግ እንዳለባቸው እንደተሰማቸው ጽፏል። እኔን ከቁጥሮቹ ይልቅ የሚከነክነኝ ይህ ነው፤ አንቺንም ያገኘሁሽ እዚህ ላይ ነው። በፊርማው ቀን አልተሸነፍሽም። በኋላ ግን፣ በእነዚያ ሁለት የዝምታ ወራት፣ የባልደረቦችሽ ፊት ቀስ እያለ ወደ ውስጥሽ ገባ። ሁሉም የሄደበትን መንገድ አልሄድም ማለትሽ እንደ ነውር ይሰማሽ ጀመር። ባይሆንማ ኖሮ ለምን ትደብቂዋለሽ? ገንዘብ አጉድለሽ እንደተባረርሽ ሰው ነው የምትደበቂው። ሰርቆ የተባረረ ሰው የሚሸከመውን ኀፍረት ላለመስረቅሽ ተሸክመሽዋል።

«ይሉኝታ» የሚለውን ቃል ፈታ አድርገሽ አይተሽው ታውቂያለሽ? «ይሉኛል» ከማለት የተወለደ ቃል ነው። የሚሉት እነማን ናቸው? የሚሉትስ ምንድን ነው? ቃሉ አይመልስም፤ «እነሱ» እንዳሉ ሳይታወቁ ይኖራሉ። ይሉኝታን ፈጽሞ ጣዪው አልልሽም። ይሉኝታ ቢስ ሰው ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን፤ የሰው ተራ ይቀማል፣ የተሰበረ ሰው ፊት ስለ ድሎቱ ያወራል። ሌላውን እንዳናቆስል የሚይዘን ይሉኝታ ጌጣችን ነው። ያንቺ ይሉኝታ ግን ማንንም ከመቁሰል አላዳነም። እናትሽን ከዛሬው ሕመም አድኖ ከሁለት ወር በኋላ ለሚመጣው ለከፋው ሕመም እያቆያት ነው፤ ቁጠባሽ ሲያልቅ፣ ምናልባትም ከሌላ ሰው አፍ፣ በመንገድ ላይ ቆማ ለምትሰማው።

ሰው ምን እንደሚል ስለ መገመት አንድ የማውቀውን ልጨምርልሽ። ቶማስ ጊሎቪች የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተመው ጥናት፣ ተማሪዎችን የሚያሳፍራቸው ሥዕል ያለበት ካናቴራ አልብሶ ሌሎች ወደ ተቀመጡበት ክፍል አስገባቸው። ለባሾቹ በክፍሉ ካሉት ግማሽ ያህሉ ሥዕሉን እንዳዩባቸው ገመቱ። ያስተዋሉት ግን ሩብ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ጎረቤቶቻችሁ ይናገሩ ይሆናል፤ አዎ። ግን አንቺ ሌሊት ጣራ እያየሽ የምትሰሚውን ያህል አይናገሩም። እነሱም የራሳቸው ልጅ፣ የራሳቸው ዕዳ፣ የራሳቸው ሕመም አለባቸው።

ከራሴ ሕይወት አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ባልነግርሽ ከዚህ በላይ ያልኩትን የማለት መብት ያለኝ አይመስለኝም። ከብዙ ዓመታት በፊት በምሠራበት ቦታ ስለ አንድ ባልደረባችን ስብሰባ ተጠራ። በማያውቀው ጥፋት ከቦታው ይነሣ የሚል ሐሳብ ቀረበና «የምትስማሙ እጃችሁን አውጡ» ተባለ። እጄ ጭኔ ላይ እንዳለ ትዝ ይለኛል። ግራና ቀኝ እጆች ሲነሡ የእጅጌዎቹን ሹክታ ሰማሁ። የእኔም ተነሣ። ደረጃ ስንወርድ አንዱ ጠጋ ብሎ «እኔ እንኳን አላመንኩበትም ነበር» አለኝ። በሩ ጋ ስደርስ ሌላዋ ይህንኑ ደገመችልኝ። ሳምንቱ ሳያልቅ እንዲህ ያሉኝን ስቆጥር አራት ደረሱ። በስብሰባው ላይ የነበርነው አሥራ አንድ ነን፤ ያላመንንበት እኔን ስትጨምሪ አምስት። ከእኛ አንድ ሰው ብቻ እጁን ሳያነሣ ቢቀር ኖሮ ሁለተኛውና ሦስተኛው ወዲያው ይከተሉት እንደነበር እስከ ዛሬ አምናለሁ። እያንዳንዳችን የሌላውን እጅ አይተን «ሁሉም አምኖበታል» አልን። ያንን ባልደረባ ከዓመታት በኋላ መንገድ ላይ አገኘሁትና ይቅርታ ጠየቅኩት። «እጅህን አይቼው ነበር» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም፤ እኔም የምጨምረው አልነበረኝም።

ስለዚህ ያንን ሰነድ የፈረሙት አራት ሰዎች በሙሉ አምነውበት ፈረሙ ብለሽ አትደምድሚ። «ራስሽን ከሁላችን አስበልጠሽ አየሽ» ያለችሽ ሴት ምናልባት አንቺን ስታይ የራሷ ፊርማ እየታያት ይሆናል። ይህን የምልሽ እንድትንቂያት አይደለም። እኔ እጄን ያወጣሁ ሰው ነኝና እዝንላታለሁ።

«እውነቱን ካወጣሽ ሁሉ ነገር ይስተካከላል» ብዬ ግን ላታልልሽ አልፈልግም። አላን ማክዶናልድ የሚባል መሐንዲስ ነበር። ቻሌንጀር የተባለችውን የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ወደ ላይ የሚገፉትን ሮኬቶች የሚሠራውን ኩባንያ ወክሎ ማስወንጨፊያው ቦታ ላይ የነበረው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 27 ቀን 1986 ምሽት እሱና ሌሎች የኩባንያው መሐንዲሶች ቅዝቃዜው የሮኬቱን መጋጠሚያ የሚያሽጉትን የጎማ ቀለበቶች ሥራቸውን ያሳጣቸዋል፣ ነገ አይወንጨፍ ብለው ተከራከሩ። የኩባንያው ኃላፊዎች መጀመሪያ አብረዋቸው ቆመው ኋላ ከደንበኛቸው ከአሜሪካ የጠፈር ድርጅት (ናሳ) ጫና ሲበረታ አቋማቸውን ለወጡ። ማክዶናልድ የማስወንጨፊያውን ስምምነት ፈርም ሲባል አልፈርምም አለ። ሌላ ኃላፊ ፈርሞ በፋክስ ላከው። በማግስቱ መንኮራኩሯ በተነሣች በ73ኛው ሰከንድ ሰባት ሰዎች እንደያዘች ሰማይ ላይ ተበታተነች። ማክዶናልድ ለመርማሪ ኮሚሽኑ ያየውን ሲናገር ኩባንያው ከደረጃው ዝቅ አደረገው። የሕግ አውጪዎች ተቆጥተው ጣልቃ ከገቡ በኋላ ነው ተመልሶ የተሻሻሉትን ሮኬቶች ሥራ የመራው። በዚያ ምሽት አብሮት የተከራከረ ሌላ መሐንዲስ ግን የሥራ ባልደረቦቹ አገለሉት፤ በመጨረሻ ሥራውን ለቆ ወጣ። ሁለቱም ትክክል ነበሩ፤ የገጠማቸው ግን የተለያየ ነው። አንቺ ያጣሽውን ሥራ መልሰሽ ላታገኚው ትችያለሽ። እናትሽም ወዲያው ላትረዳሽ ትችላለች። ይህን አውቀሽ ግቢበት።

ወደ አሽ ሙከራ ለአንድ አፍታ ልመልስሽ፤ ያልነገርኩሽ የሚያጽናና ክፍል አለው። በሌላ ዓይነት የሙከራው ቅጂ ከተቀመጡት ሰዎች አንዱ ብቻ እውነተኛውን መልስ እንዲናገር ተደረገ። የቀሩት ሁሉ እንደተለመደው ይዋሻሉ። ያ አንድ ሰው በመኖሩ ብቻ የተፈታኞቹ ስህተት ወደ ቀድሞው ሩብ ወረደ። ተፈታኙ ያንን ሰው አያውቀውም፤ ጓደኛው አይደለም፤ አልመከረውም፣ አላበረታታውም። ያየውን የሚያይ ሌላ ሰው በክፍሉ ውስጥ መኖሩ ብቻ በቃው።

ላንቺ ያ ሰው ወንድምሽ ነው ብዬ አምናለሁ። ለዋስትናው ጉዳይ እውነቱን ልትነግሪው ግድ ሆኖብሻል፤ ግዴታውን ወደ በረከት ለውጪው። ከእናትሽ በፊት ለእሱ ንገሪው። ይቆጣ ይሆናል፤ በብድሩ ተስፋ አድርጎ ነበርና ቁጣው ተገቢ ነው፤ አትከራከሪው። ከዚያ «ለእማዬ ስነግራት አብረኸኝ ተቀመጥ» በዪው። እንዲናገርልሽ አትጠይቂው፤ አብሮሽ እንዲቀመጥ ብቻ።

ለእናትሽ ስትነግሪ ቅደም ተከተሉ ላይ ተጠንቀቂ። ፈተናሽ የሚሆነው ይህ ይመስለኛል። ልብሽ ስለ አለቃሽ፣ ስለ አራቱ ፊርማ፣ ስለ ደረሰብሽ በደል አስቀድመሽ እንድታወሪ ይገፋፋሻል፤ ምክንያቱም በዚያ ታሪክ ውስጥ አንቺ ጎበዝ ነሽ። እናትሽ ግን ሁለት ነገር ነው የምትሰማው፤ ሥራ መልቀቅሽንና አምስት ወር መዋሸትሽን፤ የሚያማት ሁለተኛው ነው። ስለዚህ ከሚያማት ጀምሪ። «እማዬ፣ አምስት ወር ሙሉ ዋሽቼሻለሁ። ሥራዬን ለቅቄአለሁ። ጠዋት ስወጣ የምሄደው ቤተ መጻሕፍት ነው።» ከዚያ ዝም በዪ። የሚከብደው ያ ዝምታ ነው፤ በምክንያት ለመሙላት አትቸኩዪ። «ለምን ለቀቅሽ?» ብላ ስትጠይቅ ያኔ ስለ ሰነዱ ንገሪያት። «ለምን አልነገርሽኝም?» ስትልሽ ደግሞ «ስትኮሪብኝ ማየት ስለምወድ» በዪያት፤ ደብዳቤሽን አንብቤ የተረዳሁት እውነት እሱ ነው። በዚያ ምሽት ይቅርታዋን አትጠብቂ። ጥቂት ቀን ልታኮርፍሽ ትችላለች። ያሳደገችሽ ሴት ከአለቃሽ ጋር አንድ አይነት ሚዛን ይዛ የምትፈርድብሽ አይመስለኝም፤ ብቻዋን ልጆች ያሳደገች ሰው አልፈርምም ማለት ምን እንደሚያስከፍል ሳታውቅ አልቀረችም።

ለጎረቤቶቿ የምትናገረውን ለእሷ ተዪላት። ስታወራላቸው የነበረውን ኩራት እንዴት እንደምትመልሰው የምታውቀው እሷ ናት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ይለይልኝ፤ ሐቀኛ መሆን ማለት ለጠየቀሽ ሁሉ ሆድሽን ዘርግፈሽ ማሳየት ማለት አይደለም። ለጎረቤት «ሥራዬን ለቅቄአለሁ፤ ሌላ እየፈለግኩ ነው» ማለት ይበቃል። እውነት ነው፤ አጭር ነው። ከዚያ በላይ የሚጠይቅ ካለ «ስለሱ ባላወራ ደስ ይለኛል» ማለት ውሸት አይደለም። ምስጢር መጠበቅና ሐሰተኛ ሕይወት መኖር የሚለያዩት እዚህ ነው፤ መታወቂያውን በቦርሳሽ መያዝሽ ምስጢር ሊባል ይችል ነበር፤ ማታ ማታ እናትሽ እንድታየው ማኖርሽ ግን ውሸት ነው።

«ዝም አይነቅዝም» ይባላል። ያንቺ ዝምታ ግን ነቅዟል። ምስጢርን በተመለከተ በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ የሥነ ልቦና ተመራማሪው የማይክል ስሌፒያንና የባልደረቦቹ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ሰውን ይበልጥ የሚያደክመው ምስጢሩን ሰው ፊት ለመሸፈን የሚደረገው ጥረት ሳይሆን ብቻ ሲሆኑ ሐሳብ እየደጋገመ ወደዚያው መመለሱ ነው። በቤተ መጻሕፍት የምታሳልፊያቸውን ሰዓታት አሰብኩልሽ። መጽሐፍ ተዘርግቶ ገጹ የማይገለጥባቸው፣ ሰዓት እስኪደርስ የሚጠበቁ ሰዓታት። ያ ጊዜ ሥራ የምትፈልጊበት ጊዜ ነበር። ምናልባት ለአምስት ወር ያላገኘሽው ክፍት ቦታ ስለሌለ ላይሆን ይችላል፤ በይፋ ሥራ ያላት ሴት ሥራ እየፈለገች መታየት ስለማትችል ነው።

ስለዚሁ ባጭሩ። ለቃለ መጠይቅ ስትቀርቢ «ለምን ለቀቅሽ?» መባልሽ አይቀርም። የቀድሞ አለቃሽን ስም አታንሺ፣ ውሸትም አትፍጠሪ። «ከሙያዬ ግዴታ ጋር የማይሄድ ሰነድ እንድፈርም ተጠየቅኩ፤ መፈረም አልቻልኩም» በዪ። አንዳንዱ ቀጣሪ ይህን ሰምቶ ይሸሻል። የማይሸሸው ደግሞ ሒሳቡን የሚያምንሽ እሱ ነው። የሆነውንም ቀኑን፣ የተባልሽውን፣ ያየሽውን ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ በደብተር ጻፊው፤ ነገ ስለዚያ ክፍያ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ ትውስታሽ እንዳይደበዝዝ። ጉዳዩን ወደሚመለከተው አካል ለማቅረብ ከፈለግሽ ግን አስቀድመሽ የሕግ ባለሙያ አማክሪ፤ ብቻሽን በስሜት አትግቢበት።

መታወቂያውን በተመለከተ፣ ለወንድምሽ በምትነግሪው ቀን ይዘሽው ሂጂና ስታወሪው ጠረጴዛው ላይ አኑሪው። ያየው ዘንድ ነው። ለእናትሽ ስትነግሪም እዚያው ይሁን። በማግስቱ በፖስታ ውስጥ አድርገሽ ለቀድሞው መሥሪያ ቤትሽ የሰው ኃይል ክፍል መልሺው፤ የመለስሽበትን ደረሰኝ ተቀበዪ። ከዚያ ጠዋት ስትወጪ ወዴት እንደምትሄጂ ለእናትሽ ነግረሻት ውጪ፤ ወደ ቤተ መጻሕፍቱም ቢሆን።

ከእናትሽ ጋር ከተነጋገራችሁ በኋላ ብትጽፊልኝ ደስ ይለኛል። ምን እንዳለችሽ ማወቅ እፈልጋለሁ።